ደረጃውን ቁጠሪው

«ይኸውላችሁ ምክንያቱ» አሉ ርእሰ መምህሩ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ግራፍ በእስክሪብቶ ጫፍ እየነኩ።

ግራፉ የቆጣሪ ሥራ ነው። በማስመሪያ አስምራ፣ በሰማያዊና በቀይ ቀለም ሞልታ፣ ከላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል «የጠብ ምክንያት» የሚል ርእስ ሰጥታ ለሒሳብ ክበብ ነበር ያቀረበችው። የወላጅ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል ብላ በሕልሟም አላሰበች። አሁን ግን የመምህራን ማረፊያ ክፍሉን የሞሉት ትልልቅ ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ያዩታል፤ እሷ በሩ ጥግ ቆማ እነሱን ታያለች።

ሰማያዊው ዐምድ አጭር ነው፤ ከጠቅላላው ተማሪ ከመቶ ስንቱ ተደባድቦ እንደተከሰሰ ያሳያል። ቀዩ ግን ወረቀቱን አልፎ ሊሄድ ምንም አልቀረው። እሱ የቦክስ ክለቡ ልጆች ናቸው።

«ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፣ ቁጥሩ ነው» አሉ ርእሰ መምህሩ። «ልጆቻችንን ቡጢ እያስተማርን ጠብ በዛ ብለን ብናማርር ማን ይሰማናል? ክለቡ ይዘጋል። ክፍሉንም ለኮምፒውተሮቹ እንፈልገዋለን።»

አንዲት ወላጅ ዞር ብለው «ጎበዝ ልጅ» አሏት። ቆጣሪ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ቆጣሪ ያሏት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ አምስተኛ ክፍል ሳለች መምህሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ጊዜ «እሺ» እንደሚሉ ቆጥራ ለክፍሉ ካበሰረች ወዲህ ስሟ ይኸው ሆኖ ቀረ። «እንደ መብራት ቆጣሪ ተኝተንም ትቆጥርብናለች» ይሏታል። ስሙን አትጠላውም።

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ወንድሟ ሎጋው የክለቡን ቲሸርት ለብሶ ግቢው ውስጥ ቆሟል። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰምቷል። እሱም አያት፣ እሷም አየችው፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ግማሹን መንገድ ቀድሟት ሄደ። እሱ አሥረኛ ክፍል ነው፣ እሷ ዘጠነኛ፤ እግሩ ረጅም ስለሆነ እንደተናደደ የምታውቀው ከፊቱ ሳይሆን እሷ መሮጥ ሲያምራት ነው። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ቆመ።

«ደስ አለሽ?»

«እኔ ክለቡ ይዘጋ አላልኩም።»

«ርእሱን ማን ጻፈው? ሰውዬው ክፍሉን ካፈቀረ ቆይቷል፤ ምክንያት ነበር ያጣው። አንቺ ሰጠሽው» አለ ሎጋው። «ሂጂና ለኮች ራስሽ ንገሪው። ፊት ካለሽ።»

በማግስቱ ፊት እንዳላት ልታሳየው ሄደች። የክለቡ ክፍል ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን ነው፤ ላብና ላስቲክ ይሸታል፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለው የቡጢ ከረጢት መሀሉ በፕላስተር ታሽጓል። አሠልጣኙ፣ ልጆቹ ሁሉ ኮች የሚሉት ሰው፣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የእጅ ፋሻ ይጠቀልላል። ቀና ብሎም አላያት።

«እኔ ጋ ማን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?» አላት።

«የፈለገ ይመዘገባል ብዬ…»

«የዲሲፕሊን ኮሚቴው ነው የሚልክልኝ። አንድ ልጅ ሲደባደብ ወይ ይታገዳል ወይ እኔ ጋ ይመጣል። ተደባድበው ነው የሚመጡት፣ መጥተው አይደለም የሚደባደቡት። ይህን ለመጠየቅ ስንት እርምጃ ነበር የሚፈጅብሽ? ሁለት ክፍል እኮ ነው የሚለየን።»

ቆጣሪ ጆሮዋ ጋለ። ኮች ፋሻውን ጠቅልሎ ጨረሰና ሌላ አነሳ። «የኔ ልጆች እዚህ ከገቡ በኋላ አንድም ቀን እጃቸውን አላነሱም። ከፈለግሽ ይህን ጻፊ» አለ።

እሷ ግን ይህ ውሸት መሆኑን ታውቃለች። ኮች እየዋሸ ሳይሆን ሳያውቅ ነው። ያለውን ሳትጽፍ ወጣች።

የሒሳብ መምህሯ ጠመኔ የማይስማማት ሴት ናት። ሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር ጽፋ አራተኛው ላይ ታስነጥሳለች፤ መሐረብ ከእጇ አይለይም። ቆጣሪ የኮችን ነገር ስታወራላት ግራፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አየችው።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለች። «ርእሱን ሳላይ ‹ጎበዝ› ብዬ አለፍኩት።»

«ቁጥሩ ግን ትክክል ነው ቲቸር። ደጋግሜ ነው የቆጠርኩት።»

«ቁጥሩ ትክክል ነው። የዋሸው ርእሱ ነው። ስሚኝ፤ በዝናብ ቀን በር ላይ ቆመሽ የሰዉን ጫማ ብታዪ የበሰበሰው ጃንጥላ የያዘው ሰው ነው። ቤቱ የተቀመጠው ደረቅ ነው። ጃንጥላው ነው ያበሰበሰው ብለሽ ትጽፊያለሽ?»

«አልጽፍም።»

«ጽፈሻል።»

ቆጣሪ መሬት ብትውጣት በወደደች። «እና ከማን ጋር ላወዳድራቸው?»

«ከራሳቸው ጋር ብትችዪማ ጥሩ ነበር» አለች መምህሯ። «ያው ልጅ፣ ያው ዓመት፤ አንዴ ክለብ ገብቶ፣ አንዴ ሳይገባ። ግን አንድ ልጅ ሁለት ሆኖ አይኖርም። ስለዚህ የሚመስሏቸውን ፈልጊ። እንደነሱ የተደባደቡ፣ እንደነሱ የተላኩ፣ ግን ሳይገቡ የቀሩ። የቀሩትም በጠባያቸው ያልሆነ።»

«በጠባያቸው ካልሆነ በምን ይቀራሉ?» ብላ ጠየቀችና መልሱን ራሷ አገኘችው። «ዕጣ!»

መምህሯ ልታስነጥስ የከፈተችውን አፏን ዘጋች።

ዓመቱ ሲጀመር ወደ ክለቡ የተላኩት አርባ ነበሩ። ክፍሉ የሚይዘው ሃያ ብቻ ስለሆነ ኮች አርባ ብጣሽ ወረቀት አጣጥፎ አሮጌ የቦክስ ጓንት ውስጥ ከተተና እየተሰለፉ እጃቸውን አስገብተው እንዲያወጡ አደረገ። ማንም ጎበዝ ነው፣ ክፉ ነው ተብሎ አልተመረጠም። ሎጋው የዚያን ቀን «ገብተሃል» የሚል ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ መጥቶ ነበር። እናታቸው ወረቀቱን ስማ የልብስ ስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው፤ እስካሁንም እዚያው ነው።

ርእሰ መምህሩ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ትዕግሥታቸው አለቀ። «እሺ፣ ቁጠሩ። በሚመጣው ስብሰባ አምጡ። የገቡት ካልገቡት ጋር ሲተያዩ ጠቡ ከግማሽ በታች ካልወረደ ግን ሌላ ወሬ መስማት አልፈልግም» አሉ።

«ግማሽ ከየት መጣ?» አለች ቆጣሪ ኮሪደሩ ላይ።

«ከአፋቸው» አለች መምህሯ፤ አሁን በደንብ አስነጠሰች።

መዝገብ አይበቃም ተባባሉ፤ መዝገብ የሚያውቀው እጅ ከፍንጅ የተያዘውን ብቻ ነው። ስለዚህ አርባዎቹን አንድ በአንድ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ እያስቀመጡ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል ጠየቁ። ስም አይወጣም፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀርበው ብለውም ቃል ገቡ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አኮረፈ፣ አንዱ «ወንድሜን መምታት ይቆጠራል?» ብሎ ጠየቀ። ዕጣ ካልወጣላቸው ሃያ ልጆች ዘጠኙ ከዚያ ወዲህ ሰው መትተዋል። ከገቡት ሃያ ውስጥ የመቱት አራት ናቸው። አራት የዘጠኝ ግማሽ አይሞላም።

ሎጋው ተራው ሲደርስ መምህሯ በማስነጠሷ ምክንያት ወደ ውጭ ወጥታ ነበር። ወንድሟ ረጅም እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ማስገባት አቅቶት ጎንበስ ብሎ ተቀመጠ። ቆጣሪ ጥያቄውን ቃል ሳታጓድል አነበበች።

«ከዕጣው ወዲህ ሰው መትተሃል?»

ሎጋው ፊት ለፊት አያት። «አልመታሁም።»

ጻፈችው። ሲመታ ግን አይታዋለች።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ አቋርጣ ስትመጣ ሎጋውንና ሬዲዮን አየች። ሬዲዮ የክፍሏ ልጅ ነው፤ ከፊቷ ነው የሚቀመጠው፤ ከጠዋት ደወል እስከ ማታ ደወል ስለማይዘጋ ነው ስሙ የወጣለት። ሎጋው ኮሌታውን ይዞ ሁለት ጊዜ ፊቱን መታው። ከዚያ እጁን እንዳነሳ ቆመ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሌላም ጨመረ፣ እጁን ጣለና ሄደ። ቆጣሪ ግድግዳው ጋ ተለጥፋ ቀረች። ሬዲዮን አላነሳችውም። እስካሁን ትዝ ባላት ቁጥር የሚያንገበግባት ይህ ነው።

በማግስቱ ሬዲዮ ከንፈሩ አብጦ፣ የፊት ጥርሱ ተሸርፎ መጣ። «ከደረጃ ወድቄ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ሲያወራ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ በሸፈነ ቁጥርም ወሬው እያጠረ ሄደ። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። መምህራኑ ደስ ብሏቸዋል።

ከስብሰባው በፊት ባለው ምሽት ፀሐይ ሳትጠልቅ እናታቸው የታጠበውን አንሶላ ከገመድ እንዲያወርዱ ላከቻቸው። ራሷ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች፤ ግራ እግሯ ስለሚያነክስ መርገጫውን በቀኙ ነው የምትመታው። «እናንተ ስትተባበሩ ሳይ ዕድሜዬ ይረዝማል» አለች። «ከዕጣው ወዲህ እኮ ልጄ ልጅ ሆነልኝ። ድሮማ ምክንያት ሲደረድርብኝ ነበር የሚመሸው።»

ሎጋው የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ያዘ፣ ቆጣሪ ሌላውን ሁለት። ወጠሩት።

«አራት ነው አይደል?» አለ ሎጋው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለኮች ሰማሁሽ ስትነግሪው።»

«አምስት ነው።»

አንሶላው በእሱ በኩል ረገበ።

«አይቻለሁ» አለች ቆጣሪ። «ማተሚያ ቤቱ ጋ።»

ሎጋው ወደ ቤቱ በር አየ። የስፌት መኪናው ይጮኻል። «ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ምክንያት ነበረኝ» አለ። «በእማዬ ሙድ ያዘ። አረማመዷን ለልጆቹ እያሳየ፣ እግሩን እየጎተተ። ሁሉም ሳቁ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

ቆጣሪ ደሟ ፈላ። ሬዲዮ እግሩን እየጎተተ ታያት፤ ለአንድ አፍታ እሷም በመታችው ብላ ተመኘች። ይህን ለወንድሟ አልነገረችውም። «በምን ምክንያት ብዬ አልጠየቅኩህም። መትተሃል ወይ ነው ያልኩት» አለች።

«ዘጠኝ ለአምስት ከሆነ ግማሽ ነው?»

«ከግማሽ በላይ ነው።»

«ስለዚህ ይዘጋል። በኔ።» አንሶላውን አጥፎ ወደ እሷ ተራመደና ጫፉን አስያዛት። «ስሚ ቆጣሪ፣ ፋራ አትሁኚ። ካልገቡት ውስጥስ የዋሸ የለም? ማን መታሁ ብሎ ይናገራል? እዚህ አንድ ውሸታም ካለ እዚያም አንድ አይጠፋም። አንዱ አንዱን ያጣፋል። አንቺ ግን የኔን ስላየሽ ብቻ እኛ ላይ ትጨምሪያለሽ። ይኼ ፍትሕ ነው?»

ጥሩ ክርክር ነበር። ያስጨነቃትም ጥሩ መሆኑ ነው። ውሃ የማያነሳ ቢሆን ኖሮ ስቃበት ታልፍ ነበር። መምህሯም ቢሆን ሁለቱን ወገን በአንድ ዓይን ነው የሚያዩት ብላለች። ግን ይህን ክርክር ቀድማ ራሷ ትናንት አስባው ነበር፤ አስባው የነበረውም እውነቱን ፈልጋ ሳይሆን አራትን ፈልጋ ነው። መምህሯ «ምክንያቱን ፈልጉ» ስትልና እናቷ «ምክንያት አትደርድር» ስትል ቃሉ አንድ መሆኑ ከዚህ በፊት ገርሟት አያውቅም።

«ሌላም ልንገርሽ» አለ ሎጋው፣ አሁን ድምፁ ተለወጠ። «አቆምኩ እኮ። ካየሽ አይተሻል። ድሮ ብሆን የማቆም ይመስልሻል? ሦስተኛው እጄ ላይ ነበር። የኮች ‹ወደ ኋላ› የሚለው ጆሮዬ ውስጥ መጣ። እዚያ ባልገባ ኖሮ ያ ልጅ ሆስፒታል ነበር የሚገባው። ያቆምኩትስ የት ይጻፋል?»

ጓንቱ ውስጥ እጁን ከትቶ ሌላውን ወረቀት ያወጣው ሎጋው የለም፤ ያ ሎጋው ምን እንደሚያደርግ ማንም አይቶ አያውቅም። ምናልባት ገና ድሮ ይታሰር ነበር። ምናልባትም ሬዲዮን ጨርሶ አይነካውም ነበር። ስለ አንድ ሰው፣ ያውም ስለ ወንድሟ፣ ይህን የሚነግራት ቁጥር አልተፈጠረም።

«አላውቅም» አለች። «እውነቴን ነው፣ የት እንደሚጻፍ አላውቅም።»

ሎጋው የታጠፈውን አንሶላ እጇ ላይ አስቀመጠ። «ከቆጠርሽኝ እንዳታናግሪኝ» አለና ወደ ቤት ገባ።

እንቅልፍ አልወሰዳትም ማለት አይቻልም፤ ወስዷታል፣ ግን በሕልሟ ሁሉ ሰው እግሩን እየጎተተ ይሄድ ነበር። ጠዋት ትልቁን ወረቀት ጠቅልላ ይዛ ቀድማ ወጣች። ርእሱን ቀይራዋለች፤ «ዕጣ የወጣላቸውና ያልወጣላቸው» ይላል። ዘጠኙን ጽፋለች። የገቡት ቦታ ግን ባዶ ነው።

ሬዲዮ የግቢው ቧንቧ ጋ ውሃ ሲጠጣ አገኘችው። ከእሷ በፊት የመጣ ሌላ ተማሪ አልነበረም። አፉን በእጅጌው ጠርጎ ወዲያው መዳፉን አፉ ላይ አደረገ።

«ማተሚያ ቤቱ ጋ የሆነውን አይቻለሁ» አለችው።

ሬዲዮ ቧንቧውን ዘጋ። ግን በደንብ አልተዘጋም፣ ይንጠባጠባል። «ከደረጃ ነው የወደቅኩት።»

«ላነሳህ ይገባ ነበር። ፈርቼ ነው። ይቅርታ።»

«ከደረጃ ነው አልኩሽ እኮ።» ከዚያ ዝም አለ፤ ሬዲዮን ዝም ሲል ማየት አሁንም አልለመደችም። «እናትሽን… ሼም ነው የሠራሁት። አውቃለሁ። ለቀልድ ነበር።»

«በጣም አናድዶኛል» አለች ቆጣሪ። «አሁንም ያናድደኛል።»

«እሺ።»

«ዛሬ የጠቡን ቁጥር አቀርባለሁ። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ያንተን ልቁጠረው ወይስ ልተወው? ከቆጠርኩት ክለቡ ሊዘጋ ይችላል።»

ሬዲዮ የግራፉን ጥቅልል አየ። «እኔ የትኛው በኩል ነኝ? ከገቡት ነኝ ካልገቡት?»

«አንተ… አይደለህም። የመቱት ናቸው የሚቆጠሩት።»

«የተመታስ?»

ከአርባዎቹ ጋር ስንት ቀን ተቀምጣ፣ ስንቱን ጠይቃ፣ የተመታ አንድም ልጅ ጠይቃ አታውቅም። ግራፉ ላይ ዘጠኝ አለ፣ ሌላው ባዶ ቦታም አለ፤ ሬዲዮ ግን የትም የለም።

ሬዲዮ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አደረገ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረ። እጁን ከአፉ ላይ አወረደው፤ የተሸረፈው ጥርስ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ታያት።

«እኔ ምንም አላልኩም» አለ። «ከፈለግሽ ደረጃውን ቁጠሪው።»

የመምህራን ማረፊያ ክፍሉ ገና ባዶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ዘርግታ ቀዩን ቀለም ከፈተች። ሁለት ነገር ጻፈች። አንዱን ከታች፣ በትንንሽ ፊደል፦ «ያልተነገረን ሊኖር ይችላል፣ በሁለቱም ወገን። ልጆቹ ጥቂት ስለሆኑ አንድ ልጅ ብዙ ይቀይራል።» ሌላውን ባዶው ቦታ ላይ። ሁለተኛውን ስትጽፍ ቀለሙ እንዳይደበዝዝ ሁለት ጊዜ ሄደችበት።

የቀለሙን ክዳን እየዘጋች ሳለ የክለቡ ልጆች ወንበር ተሸክመው ገቡ፤ ኮች ነው የላካቸው፣ ደህና ጠባይ ለማሳየት። ሎጋው መጨረሻ ላይ ነበር። አላያትም። ወንበሮቹን ደረደሩ፣ እየተጋፉ ወጡ፣ አንዱ በሩ ላይ ቀልድ ተናገረ። ቆጣሪ ወንበር ላይ ወጥታ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለመለጠፍ ትታገላለች፤ አንዱን ጫፍ ስትይዝ ሌላው ይጠቀለላል።

የሆነ እጅ የተጠቀለለውን ጫፍ ያዘ። ዞር ማለት አላስፈለጋትም፤ ያን ያህል ከፍታ ወንበር ሳይኖር የሚደርስ አንድ ሰው ነው።

ሎጋው ወረቀቱን ወጠረው። ማንበብ ጀመረ። ርእሱን አነበበ፣ ዘጠኙን አየ፣ ከዚያ ዓይኑ ወደ ቀዩ አምስት ሄዶ እዚያው ቀረ። ቆጣሪ በእሷ በኩል ያለውን ጫፍ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች፤ ቢጎትተው እንደሚቀደድ ታውቃለች። ትንፋሹን ሰማችው። በረጅሙ ገባ፣ በረጅሙ ወጣ። ውጭ ኮሪደሩ ላይ የርእሰ መምህሩ ጫማ መጣ።

«ጠምሟል» አለ ሎጋው።

«ምን?»

«ወረቀቱ። በአንቺ በኩል ዝቅ አድርጊው።»

ዝቅ አደረገችው። ፕላስተሩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ በጥርሱ ቆረጠ፣ የራሱን ጫፍ ለጠፈ፤ ሌላ ቆርጦ ለእሷ አቀበላት። ከዚያ እንደ ጓደኞቹ አልወጣም። ከፊት ካሉት ወንበሮች አንዱን ሳበና ረጅም እግሩን ሰብስቦ ተቀመጠ።